ድስት የገባው አክሊል

ይድረስ ለእትዬ፤ ኮማኪዮ፣ ከረግረጉ ዳር።

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ከብርዱ ጋር ታረቀ? ባልሽስ ዛሬም ዓሣው እምቢ ባለው ቁጥር አንቺን ይቆጣል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እትዬ፣ ዛሬ በፌራራ ከተማ እንደ እኔ አድርጎ የሚያነብ ሰው የለም። እሺ፣ በከተማው አልልም፤ በሰፈራችን ልበል። በሰፈራችንም ያ ውል ጸሐፊ አለ። እንግዲያው በማድ ቤታችን ይሁን፤ እዚያ ያለነው እኔና ድመቷ ነን፣ እሷም ብትማር ሳትበልጠኝ አትቀርም። የጫማ ሰፊዎቹ ማኅበር በማታ በሚያስተምርበት አዳራሽ ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። ይህንንም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አባ፣ የሚያነቡላት እርስዎ ነዎትና አደራ፣ የሚያሳፍር ቢያገኙ አይዝለሉት።

የማበስልላቸው ጌታዬ ባለቅኔ ናቸው። ባለቅኔ ስልሽ ገበያ ላይ እንደሚያዜሙት አይደለም። እሳቸው የሚቀኙት በላቲን ነው፤ ከካህንና ከሐኪም በቀር ማንም በማይሰማው። የቆዳ ፋቂ ልጅ ሆነው ሳለ ስማቸውን እንኳ የሮማ ስም አድርገውታል። በወጣትነታቸው መስፍኑ በአደባባይ የሎሬል አክሊል ደፍቶላቸዋል። ሎሬል ያው አንቺ ዓሣ ላይ ጣል የምታደርጊው ቅጠል ነው። በዚህ የሚከበር ከሆነ የእናታችን ድስት ስንት ጊዜ በነገሠ!

ዘንድሮ ዓይናቸው ጠፋ። የሚያነብላቸው ሰው ስላልነበረ እኔ ተሾምኩ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ፊደሉ ግን ያው የእኛው ስለሆነ እንደ በቀቀን እለዋለሁ። «አንተ ጥጃ! የሮማን ሰዎች ከመቃብር ቀሰቀስካቸው እኮ!» ይሉኛል። «ይነሡ ጌታዬ፣ ቤታችንም ሰው የለበት» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

አንድ ግጥም ላይ ስንደርስ ግን ስድቡም ሳቁም ይቆማል። ለሟች ሚስታቸው ለእሜቴ ኦርሶላ የጻፉት ነው። ስሟ ውስጡ የለም፤ ለእሷም የሮማ ሴት ስም አውጥተውላታል። አንድ ቀን እንዲሁ ለወሬ ያህል፣ እሜቴ ላቲን ያውቁ ነበር ወይ አልኳቸው። አታውቅም አሉ። ታዲያ ለማን ጻፉት አልኩ። «ሾርባው አልቀዘቀዘም?» አሉኝ። ሾርባ አልሠራሁም ነበር እትዬ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተመኙ፤ ከመሞታቸው በፊት ያንን ግጥም ለሚገባው ለአንድ ሰው ማሰማት። እነዚህ የላቲን ሊቃውንት በየመከሩ፣ አጥንቱ እንኳ የት እንዳለ የማይታወቅ የአንድ ጥንታዊ ባለቅኔን ልደት በግብዣ ያከብራሉ። ጌታዬም ወዳጆቻቸውን ጠሩ። አንዱ ሞቷል። አንዱ ሌላ መስፍን ቤት ገብቶ ስማቸውን ረስቷል። ሦስተኛው መምጣት እንደማይችል በሚያምር ላቲን ጻፈ፤ ሳነብላቸው «ሰዋስዉ እንከን የለውም» ብቻ አሉ።

የዚያን ቀን እባብ የሚመስለውን የአገራችንን ዓሣ ገዝቼ ጥጄ ነበር። የቀትር ደወል ተደወለ፤ ማንም አልመጣም። ቅጠል አልቆብኛል ብላቸው ወደ ግድግዳው ጠቁመው «ከአክሊሉ ቀንጥስ» አሉ። ማሾፋቸው መስሎኝ ነበር። «ስንት ዓመት አቧራ ሲጠጣ ኖረ፤ ዛሬ እንኳ ለሰው ይጥቀም» አሉኝ። ቀንጥሼ ጨመርኩት።

ድስቱ ሲንተከተክ በሩ ተንኳኳ። የመጣው ከፓዱዋ የተነሣ እንግዳ ነበር፤ ጉንፋን ይዞታል፣ ድምፁ አይወጣም፣ በሳል ብቻ ነው የሚመልሰው። ጌታዬ በላቲን ሰላም አሉት፤ ሳለ። ስለ መንገዱ ጠየቁት፤ ሳለ። ከዚያ እጁን ያዙትና ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው «ከእኛ ሁሉ ሎሬል የሚሸተው የአንተ እጅ ነው» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም፣ ላቲን ለታመመ ጉሮሮ አይስማማምና ዛሬ ያንን ግጥሜን በገበያው ቋንቋ ልበልልህ አሉት። አሉለትም፦

«ኦርሶላ፣ ሽንኩርት ስትከትፊ ታለቅሺ ነበር። እኔም በር ላይ ቆሜ አየሁና፣ ሽንኩርቱ ነው ብዬ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ።»

ሌላም ብዙ አለው፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። እንግዳውም ሳሉን ተወ።

መከሩ ካለቀ በኋላ፣ በቅዱስ ማርቲን በዓል ሳምንት ጌታዬ በእንቅልፋቸው አረፉ። አሁን ቤቱ ውስጥ እኔና ድመቷ ነን። ማታ ማታ ያንን ግጥም ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ «ጥጃ» የሚለኝ ግን የለም። እዚያ አሁን ዓሣው ወደ ባሕር የሚወርድበት ጊዜ ነው፣ ሰው ሳያጥራችሁ አይቀርም። እንዲያው ነው ያነሣሁት። እትዬ፣ ከቤት ስወጣ አንቺም ሽንኩርት ትከትፊ ነበር።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናው፤ መረብሽን ይሙላው፤ ደጃፍሽን ውኃ አይድፈረው።

አንድ ነገር ግን ዋሽቼሻለሁ፤ አንቺ ገና ከሳሉ ሳታውቂው አትቀሪም። ከፓዱዋ የመጣ እንግዳ የለም። ወጥቼ የራሳችንን በር ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ጌታዬ ይወቁ አይወቁ አልጠየቅኳቸውም። እንግዳውን ሸኝቼ ስመለስ ግን ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ሰውዬው ሳይቀምስ ሄደ፤ ና ተቀመጥ፣ ድርሻህን ብላ» አሉኝ።

ወንድምሽ