ከወንበሩ በላይ ያለው ወዝ

አሥረኛው ወር፣ 5

ዝናቡ አባርቷል። ዓሣ ገበያ ሄድኩ። ሻጯ የከረመ ልታሸክመኝ ስትል የዓሣውን ዓይን አሳየኋት፤ ሳቀችና ቀየረችልኝ። የማድ ቤቱ ግድግዳ እንደገና ነጭ ዱቄት እያራገፈ ነው። ታይናን ከተማ ውስጥ እርጥበት ያልበላው ግድግዳ የት አለ? ጠረግኩና ተውኩት።

እራት ላይ ልጄ ዌንቢን ሩዙን ይነካካል እንጂ አይበላም። ይህ ልጅ ካልበላ አንድ ነገር አለ። አባቱም እንደዚያ ነበር።

«እማዬ... እኔና ሱቺን የአባዬ መቶ ቀን ሳይሞላ ብንጋባስ?»

ባሌ ኩንሼንግ ከሞተ ስንት ቀን እንደሆነ አልቆጥርም። ግን በእኛ ልማድ መቶው ካለፈ ሐዘን ያለበት ቤት ሦስት ዓመት ሠርግ አያይም። ወይ አሁን፣ ወይ ሦስት ዓመት ቆይቶ። የሱቺን አያት ደግሞ ታመዋል። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። «ሦስት ዓመት አይቆዩም» አለኝ ዌንቢን፣ ሳህኑን እያየ።

«ሙሽራ እንዲህ ያለ ቤት አትገባም። ግድግዳውን አይተኸዋል?»

«አጎቴ ቲየንፉ ይቀባዋል። አጥቦ ማዘጋጀቱ የእኛ ነው።»

ሁሉንም ጨርሶ ነው የመጣው። እሺ አልኩ። ከልቤ ነው?

አሥረኛው ወር፣ 8

ሱቺን ጓንትና አዲስ ስፖንጅ ይዛ መጣች። ቀጭን ናት። ባልዲውን ስታነሳ አብራው የምትወድቅ ይመስላል፤ ግን አልወደቀችም።

ጣሪያውን በረጅም ሸንበቆ ላይ በታሰረ መጥረጊያ አራገፍን። የሸረሪት ድር ፀጉሯ ላይ ተንጠለጠለ፣ አልነገርኳትም። ከዚያ የማድ ቤቱ ግድግዳ። የዘይት ጭስ ሙጫ ሆኗል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ዱቄት ካልሆነ አይነቃነቅም። ዞር ስል ከላይ ጀምራለች።

«ከታች ነው የሚጀመረው! ቆሻሻው ውሃ ደረቁ ላይ ከወረደ መስመሩን ጥሎ ይሄዳል። ያንን ብትፈጊው አይለቅም።»

«አክስቴ፣ እኔ ፊቴን የምታጠበው ከላይ ነው።» ገና አማቷ ስላልሆንኩ «አክስቴ»፣ «እርስዎ» ነው የምትለኝ።

«ፊትሽን ቀለም አንቀባውም!»

ወዲያው ከንፈሯን አየሁት... ቀይ ቀለም። እሷም ገባት። ሁለታችንም ሳቅን። እዚህ ቤት ከተሳቀ ቆይቷል።

አሥረኛው ወር፣ 9

በረኪናው የእጄን ቆዳ ላጠው። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ሻጋታ ግን ለቀቀ።

አሥረኛው ወር፣ 12

ዛሬ ጥሩ ቀን አልነበረም።

የፊት ለፊቱ ክፍል ነበር ተራው። ዌንቢን የአባቱን የሸንበቆ ወንበር አንስቶ ወደ ደጅ አወጣው። ወንበሩ ሲነሳ ግድግዳው ላይ ያለው ብቻውን ቀረ። የኩንሼንግ ወዝ። ያን የፀጉር ቅባቱን ተቀብቶ፣ ጭንቅላቱን ደገፍ አድርጎ፣ በየማታው ሬዲዮ ሲሰማ የተወው። ሰሃን የሚያህል ክብ፣ መሐሉ ጠቆር ያለ።

ሱቺን ስፖንጁን ጨምቃ ወደዚያው ሄደች።

«ተይው!»

የራሴ ድምፅ እኔኑ አስደነገጠኝ። እጇ አየር ላይ ቀረ። «እሺ አክስቴ» ብላ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ከተተች። ትንሽ ቆይታ ራሴን አመመኝ ብላ ሄደች። ራሷን እንዳላመማት ሦስታችንም እናውቃለን።

ዌንቢን ሸኝቷት ሲመለስ በር ላይ ቆመ። «እማዬ፣ እንድንጋባ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

«ሦስት ዓመት ቢጠበቅ ምን አለበት?» አልኩት።

ምን አለበት... እንደዚህ አልኩ። አያቷ እየሞቱ። ልጄ ዞሮ ወጣ። ወንበሩን ከደጅ መልሶ አስገባና ተኛ።

አሥረኛው ወር፣ 13

ሱቺን አልመጣችም።

ራሴ ላጥበው አልኩ። እኔ ነኝ የዚያ ወዝ ጠላት፣ ሌላ ማን? ኩንሼንግን ስንት ዓመት ጨቀጨቅኩት። «አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳውን ጠበስከው!» እለዋለሁ። ፎጣ ከኋላው እሰቅላለሁ፤ ያነሳውና ፊቱን ይጠርግበታል። እንደገና እሰቅላለሁ። «ግድግዳው ሳይናገር አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። አንድ ቀን ፎጣውን በሚስማር ቸነከርኩት። ከሚስማሩ ነቅሎ እግሩን አደረቀበት።

ሙቅ ውሃ አዘጋጀሁ። ሳሙናውን በጠበጥኩ። ጠጋ ስል ሸተተኝ። ያ ቅባት... ልብሱን ሁሉ አጥቤ ለሰው ሰጥቼ፣ ትራሱን ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ሽታው እዚህ ተደብቆ ጠብቆኛል። ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አለቀስኩ። በጣም ናፍቆኛል። የሚያናድደኝ ሰው ናፈቀኝ።

ውሃው ቀዘቀዘ። ደፋሁት።

አሥረኛው ወር፣ 15

ጉዋቫ ገዝቼ ሱቺን ቤት ሄድኩ። በሩን ስትከፍት እጇ የሩዝ ዱቄት ለብሶ ነበር። ይቅርታ ልል አስቤ «ጉዋቫው ትንሽ ጥሬ ነው» አልኩ። «ጥሬውን ነው የምንወደው» አለችኝ።

አያቷ አልጋ ላይ ናቸው፣ ከልጅቷ ይብስ ቀጥነዋል። እጄን ያዙና የተላጠውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«በረኪና ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ጓንት አታደርጊም? እልኸኛ ነሽ ማለት ነው። ግድግዳው አለቀ?»

«አንድ ክፍል ቀርቷል።»

«እንግዲያው ጨርሱት። እኔ ሠርጉን ሳላይ አልሄድም ብዬ ተከራክሬ ነው ያለሁት። ክርክሩ ደግሞ ያደክማል።»

ስወጣ ሱቺን በር ድረስ መጣች። ነገርኳት። ወዙ የማን እንደሆነ፣ ፎጣውን፣ ሚስማሩን፣ እግር ማድረቁን... «ነገ ነይ፣ ያለአንቺ ላይኛው ጋ አልደርስም» አልኩ። ሳቀች፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ዱቄቱ ጉንጯ ላይ ቀረ፤ ይህን ነገርኳት።

አሥረኛው ወር፣ 16

ጨረስነው። ከታች ጀምረን ወደ ላይ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀን፣ በደረቅ ጨርቅ። ሱቺን ሳልነግራት ወዙን ዙሪያውን አጠበችው። አልነካችውም። ግድግዳው ከነጣ በኋላ እሱ ይበልጥ ጠቆረ። ዌንቢን አየውና የስንጥቅ መድፈኛውን ስቱኮ ማቡካት ጀመረ።

አሥረኛው ወር፣ 20

ቲየንፉ የቀለም መቀቢያ ሩሎና ባልዲውን ይዞ መጣ። የኩንሼንግ ታናሽ ነው፤ ቀለም ቀቢ ነኝ ካለ ጀምሮ ከተማውን በሙሉ የቀባ ያህል ያወራል። ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገና ዙሪያውን በመዳፉ እየዳበሰ መጣ። ወዙ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«እትዬ፣ ይህ አልታጠበም።»

«ታጥቧል።»

መዳፉን አሸተተ። ወንድሙን ሸተተው።

«ቅባት ላይ ቀለም አይዝም» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ይሸፈናል። ኋላ ግን ይወጣል። ያኔ ቀቢው ነው ያበላሸው እንዳትይኝ።»

«ቀባው።»

«እሺ፤ እሱም በሕይወቱ የነገርኩትን ሰምቶ አያውቅም።»

ቀባው።

አሥረኛው ወር፣ 21

ሁሉም ነጭ ነው። ወዙ የለም። የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

አሥራ አንደኛው ወር፣ 2

ነገ ሠርጉ ነው። ወንበሩን ወደ ቦታው ስገፋ ቀና ብል... ወጥቷል! ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ ይመስላል፣ ቢጫ፣ ክብ፣ እዚያው ቦታው ላይ። ቲየንፉ እንዳለው።

ዌንቢን ጭንቅላቱን ያዘ። «ነገ እንግዳ አለ! ይህ ምንድን ነው?» ቀዩን የሠርግ ወረቀት ሊለጥፍበት ሙጫ ፈለገ። ተው አልኩት። «ሰው ምን ይላል?» አለ። «አባትህ ሠርግህ ላይ መጣ ይላል።» ቁጭ አለና ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። እኔም።

ወረቀቱን በሩ ላይ ለጠፍነው።

አሥራ አንደኛው ወር፣ 3

የሐዘኑን ጨርቅ ለዛሬ ብቻ ከክንዳችን ፈታን። ሱቺን በቀይ ልብስ ገባች፣ ከንፈሯ ከሁሉ ቀይ። አያቷን በተሽከርካሪ ወንበር አስገቧቸው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው። ክርክሩን አሸንፈዋል።

ሙሽራ ለአማቶቿ የምታቀርበው ጣፋጭ ሻይ በትሪ መጣ። እኔ ወንበሬ ላይ፣ ከጎኔ የኩንሼንግ ወንበር ባዶውን። ሱቺን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «እማዬ፣ ጠጪ።» አክስቴ ቀረ፣ «እርስዎ»ም ቀረ። ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ወደ አያቷ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ባዶው ወንበር ፊት ቆመች። ግድግዳውን አየች። ሲኒውን ከፍ አድርጋ፣ ልክ ወዙ ትይዩ፣ አንገቷን ደፋች። «አባዬ፣ ጠጣ።» ከዚያ ሲኒውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ቲየንፉ አፍንጫውን ተናፈጠ። አያቷ «ማን ነው የተቀመጠው?» አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሱቺን ጆሮአቸው ላይ ነገረቻቸው። «እሱም መጥቷል? ደግ አደረገ» አሉ።

አሥራ ሁለተኛው ወር፣ 18

ብርድ ነው። ዓሣ በዝንጅብል ሠራን። የሱቺን አያት የዛሬ ሳምንት አረፉ፤ ቀስ ብለው፣ እጇን ይዘው። ልጅቷ ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች፣ ቀን ቀን ትሠራለች። ዛሬ ከምድጃው በላይ ያለውን ግድግዳ እያጠበች ነበር። ከታች ወደ ላይ።

ወገቤን ስላመመኝ ዝም ብዬ የኩንሼንግ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሞተ ወዲህ አልተቀመጥኩበትም ነበር... እሱ እያለማ ማን ያስቀምጠኛል? ጭንቅላቴን አስደገፍኩ። ወዙ ጋ አልደረስኩም። እኔ አጭር ነኝ፤ ከእሱ በታች ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ፀጉሬን ጠዋት ዘይት ተቀብቼ ነበር።

ሱቺን እጇን እየጠረገች ወጣች። አየችኝ። ግድግዳውን አየች።

«እማዬ፣ ከኋላሽ ፎጣ ላድርግልሽ?»

«ፎጣ ብታመጪ እግሬን ነው የማደርቅበት» አልኳት።

ሳቀች። ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ከዚያ ሬዲዮውን ከፈተችልኝና ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።