የጋራ ፎልደር

ጥር 6

ደንበኛ ሁለት ብቻ። አንደኛው የዛሬ ሃያ ዓመት የጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ በፍሎፒ ይዞ መጣ። "ከእናንተ ሌላ የሚከፍትልኝ አጣሁ" አለ። ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር የቀረው እኛ ጋ ነው... አሮጌ ሰውም።

እትዬ በወዲያኛው ክፍል ፍሎፒውን ከፈተች፣ ደንበኞች ወደሚፈልጉት አዲሱ ፎንት ቀየረችው፣ በኬብሉ ላከችልኝ። አስተካክዬ አተምኩት። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ግድግዳውን በስታ የምታልፍ አንዲት ጥቁር ኬብል፣ እኔ ማሽን ላይ "የጋራ" የሚባል አንድ ፎልደር። እህትማማችነታችን የቀረው እዚያ ውስጥ ነው።

ዓርብ አይደል? ቆሻሻዋም መጣች። በየሳምንቱ ዓርብ ከእሷ ማሽን አንድ ፋይል ይገባል። ስሙ ቀኑ ብቻ። ስከፍተው ቅንፍ፣ ነጥብ፣ ዶሮ የጫረው የመሰለ ነገር። መጀመሪያው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ያው አንድ ዓይነት ምልክት። ማሽኗ እንደ ባለቤቱ ጃጅቷል። አጠፋሁት።

ነገ ግማሽ ቀን። ከነገ ወዲያ እረፍት።

ጥር 9

ኔትወርኩ ጠፋ። ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ፤ "አንዳንድ ሰው ወንበሩን ሲገፋ የኬብሉን ቆብ ይነቅላል።" ለእኔ አይደለም እኮ፣ ለግድግዳው ነው የምትናገረው። እውነቷን ነው። ኬብሉ ጫፍ ላይ የምትገባው ቆብ ወልቃ ጠረጴዛው ሥር ወድቃለች። ያቺ ትንሽ ቆብ ከሌለች ሁለቱ ማሽኖች አይተያዩም።

መልሼ ሰካኋትና "አንዳንድ ሰው ጆሮው የድመት ነው" አልኩ። እኔም ለግድግዳው። የሳቀች መሰለኝ... ወይስ ሳል ነው?

ጥር 13

እማዬ ካረፈች ዛሬ ሁለት ዓመት። ከእትዬ ጋር ከተኳረፍን ደግሞ ሁለት ወር ሲቀረው ሁለት ዓመት።

በአንዲት ፊደል። ሰው ቢሰማ ይስቅብናል። የእማዬን የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ የተየብኩት እኔ ነኝ። "የዘላለም እረፍት" ብዬ። እትዬ ያየችው ከተተከለ በኋላ ነው። "በዐይኑ ዕ ነው የሚጻፈው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትተይቢ ኖረሽ ለእናትሽ አንዲት ፊደል ሰሰትሽ?" አለችኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። "ግዴለም፣ አንቺ ስትሞቺ በዐይኑ እጽፍልሻለሁ!" አልኳት። አመለጠኝ። ካመለጠ በኋላ ምን ይደረጋል?

በነጋታው አብረን መተየብ የተማርንበትን የድሮውን ፎንት ከማሽኔ ላይ አጠፋሁት። በእሷ ፊደል አልጽፍም ብዬ። እሷ እስከ ዛሬ አታውቅም። የልጅ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ።

ዛሬም ቆሻሻው መጣ። ማሽንሽን ለጠጋኝ አሳዪው ልላት ተነስቼ በሯ ድረስ ሄጄ ነበር። እጄ በሩ ላይ ደርሷል። ከዚያ... እኔ ልጀምር? ታላቅ እሷ አይደለችም እንዴ? ተመለስኩ። ፋይሉን አጠፋሁ።

ጥር 20

ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ከምሳ በፊት ወደ ሐኪም ወጣሁ። በሯን ሳልፍ ግድግዳው "አንዳንድ ሰው ጥርሱን በጊዜ አያሳይም፣ በኋላ ግን ጉንጩን ይዞ ይዞራል" አለ። ስቄ ነበር። እንዳትሰማኝ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ጥር 22

እትዬ ትናንት ጠዋት ወደቀች። ልጇ ደወለችልኝ። "አክስቴ፣ ቶሎ ነዪ፣ እማ አፏ ተያዘ።"

አፏ ተያዘ። ከእኔ ጋርስ ቢሆን መቼ ተከፍቶ ነበር?

ጥር 24

ሆስፒታል ውያለሁ። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም። መናገር የለም። የግራ እጇ ጣቶች ግን አንሶላው ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ። ነርሷ "ምን ፈልገው ይሆን?" አለችኝ። "እየተየበች ነው" አልኩ። ምን እንደምትተይብ አላወቅኩም።

ይቅርታ ልላት ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። እዚያ ስደርስ ትራሷን ማስተካከል ያዝኩ። የገረመኝ ግን እሷ ናት። ኩርፊያ የሚባል ፊቷ ላይ የለም። ጭራሽ እንዳልተጣላን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እጄን ጨበጥ አድርጋ ያዘችው፣ ልክ ልጅ ሆነን መንገድ ስታሻግረኝ እንደምትይዘኝ።

መቼ ታረቅን? አልገባኝም።

ጥር 27

ዛሬ ጠዋት አረፈች። ይቅርታዬ ከእኔው ጋር ቀረ።

የካቲት 10

ሱቁን ከፈትኩ። ዝም ያለ ቤት። ወንበሬን ሆን ብዬ አንኳኳሁት። ግድግዳው ምንም አላለኝም።

"የጋራ" ውስጥ አንድ ፋይል ተቀምጧል። ጥር 20 ይላል። ጥርሴን ታምሜ የወጣሁ ዕለት፣ ከመውደቋ አንድ ቀን በፊት። ያው የተለመደው ቆሻሻ። ላጠፋው እጄን ከሰደድኩ በኋላ ተውኩት። ከእሷ ማሽን የመጣ የመጨረሻ ነገር ነው... ቆሻሻም ቢሆን ይቆይ።

የካቲት 14

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጡረታ የወጡ መምህር ፍሎፒ ይዘው መጡ። እኔ ማሽን ላይ ከፈትኩት። ቅንፍ፣ ነጥብ፣ የዶሮ ጭረት። "ጋሼ፣ ይሄ ተበላሽቷል" አልኳቸው። "ኧረ በፍጹም! እዚሁ እናንተ ቤት ነው የተተየበው። እህትሽ ናት የተየበችልኝ።"

ወደ እሷ ክፍል ገባሁ። ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። መነጽሯ ኪቦርዱ ላይ እንደተቀመጠ አለ። ማሽኑን አበራሁት፤ እያቃሰተ ተነሳ። ፍሎፒውን ከተትኩ። ጥርት ያለ ጽሑፍ! አንዲት ፊደል አልጎደለችም።

ማሽኗ አልጃጀም ነበር። ያ ቆሻሻ ቆሻሻ አልነበረም፣ የድሮው ፎንት ነው። እኔ ያጠፋሁት። ለደንበኛ የሚሆነውን ቀይራ ትልካለች፣ ለእኔ ግን ለምን ትቀይር? አብረን የተማርንበት ፊደል አይደል? በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆይቼ እንዴት ይህ ይጠፋኛል? አልጠፋኝም። ማወቅ አልፈለግኩም።

መምህሩን ነገ ይምጡ ብዬ ሸኘኋቸው። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ በኬብሉ በኩል "የጋራ"ን ከፈትኩ። የጥር 20ው ፋይል። እዚህ ልገልብጠው፣ እንዳለ፤

"ሚጡዬ፣ ጉልበቴ ዛሬ በጣም አመመኝ፤ ወንበሬ ላይ ትራስ ጨምሬያለሁ። ልጄ ቤት ቁጭ ብለሽ እረፊ ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ማን ሱቅ ይከፍታል እላታለሁ። እውነቱ ግን ወንበርሽ ሲንኳኳ ካልሰማሁ ቀኑ አይመሽልኝም።

"ባለፈው ዓርብ እንደጻፍኩልሽ እማዬ ጋ ሄጄ ነበር። ድንጋዩን ቁጭ ብዬ አየሁት። እማዬ እኮ ማንበብ አትችልም ነበር፣ ሚጡ! ዐይኑም አልፋውም ለእሷ አንድ ነው። ለማን ብዬ ነው በሰው ፊት ያዋረድኩሽ? ደግሜ ይቅርታ። ስንተኛዬ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

"ሰኞ ሰኞ ስገባ 'የጋራ'ን ከፍቼ አያለሁ። ፋይሉ የለም። አንብበሽ አጥፍተሽዋል ማለት ነው። ደስ ይለኛል። መልስ አልጠብቅም፤ አመልሽን አውቃለሁ፣ ጊዜ ይፈልጋል። ማንበብሽ ይበቃኛል።

"ጥርስሽን እንዳትረሺው። መልካም እረፍት።"

እረፍት። በአልፋው እ። እሷ! ፊደል ስታርም የኖረች ሴት፣ ለእኔ ብላ አሳሳተችው።

ከዚያ በኋላ አልቅሼ አልቅሼ መሽቶብኛል።

የካቲት 16

ሽቦ የምንለው ጠጋኝ መጣ። የጠፉትን እንዲያወጣልኝ ለመንኩት። ግማሽ ቀን ታገለ።

"እመቤት፣ እውነት ልንገርዎት? የጠፉት ላይ ሌላ ሥራ ስትጽፉበት ኖራችኋል። ተሸፍነዋል።"

"አንድም?"

"አንድም። እሷ ማሽን ላይስ ቅጂ የለም?"

የለም። "አንድ ነገር ሁለት ቦታ አይቀመጥም" ነበር የምትለው። የጻፈችውን ሁሉ ያስቀመጠችው እኔ ጋ ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ዓርብ አለ? መቁጠር ፈራሁ። ሽቦ መሣሪያውን ሲሰበስብ "አንዱ እንኳ ተርፎልዎታል" አለኝ። አዎ፣ አንዱ። ሌሎቹ ውስጥ ምን ነበር? እኔን ስትጠራ፣ ስትቀልድ፣ ስታማርር... በየዓርቡ በገዛ ጣቴ አፏን እየዘጋሁ።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል፣ እሱም መልሶ ያቃጥለኛል። ሚጡ አንብባልኛለች ብላ ነው የሄደችው። ሆስፒታል ያን ዓይኗን አሁን ነው የገባኝ። እሷ ታርቃ ነበር። ብቻዋን።

የካቲት 25

ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ከልጇ ጋር ሄድን። ጽሑፉን ሰጠሁት። አየት አደረገና "እመቤት፣ የእናትዎ ላይ በአልፋው ነበር፣ ይሄ በዐይኑ ነው። የትኛው ይሁን?" አለኝ።

"በዐይኑ" አልኩ። "ቃል ገብቼላታለሁ።"

ልጇ እጄን ያዘችኝ።

መጋቢት 3

የድሮውን ፎንት ከእሷ ማሽን በኬብሉ አምጥቼ እኔ ላይ መልሼ ጫንኩት። አሁን ሁለቱም ማሽን አንድ ፊደል ያነባል። ጠዋት ስገባ ሁለቱንም አበራለሁ። ቆቧም በቦታዋ ናት፣ ወንበሬን ቀስ ብዬ ነው የምስበው።

ትናንት ዓርብ ነበር። ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። ያልኳትን፣ ያላልኳትን፣ ጥርሴን መነቀሌን ሳይቀር። ስሙን ቀኑ ብቻ አድርጌ "የጋራ" ውስጥ አስቀመጥኩት። ነገ እሑድ ዕረፍት ስለሆነ ዛሬ ማለዳ ገብቼ ከእሷ ወንበር ላይ ሆኜ ከፍቼ አየሁ።

ፋይሉ እንዳለ ነው።