የአራት ሰው ሌንስ ለተረከቡት ሥራ አስኪያጅ

መርሳ፣ የካቲት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሀብታሙ
የካሜራ አስመጪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎና በቅርቡ በሩ ላይ የተሰቀለው የአዲሱ ካሜራ ማስታወቂያስ ደኅና ናቸው? እኔ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ፎቶ ቤቴ አራት ወንበሬን ይዤ ደኅና ነኝ።

የላኩልኝ የምስክር ወረቀት ደርሶኛል። «ለአሥራ ሁለት ዓመት የማይናወጥ ታማኝነት» ይላል። ወረቀቱ የደረሰኝ እርስዎ እስከዚያ ሲሸጡልን የኖሩትን ካሜራ ማስመጣት ትተው የተፎካካሪውን ማስመጣት በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት በመሆኑ፣ ታማኝነቴ ለማን እንደነበረ ለጊዜው ግራ ገብቶኝ ነበር። ወልድያ አዳራሽ ሰብስበው «ጥሩ ካሜራ እንደ ትዳር ነው፣ አይለወጥም» ያሉን ዕለት ማስታወሻ ይዤ ስለነበር፣ ቀኑ ከተረሳዎት ልልክልዎ እችላለሁ። ምስጋናዬ እንደተጠበቀ ሆኖ የሚከተሉትን ነጥቦች በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. ባለፈው ኅዳር «አሮጌውን አምጥተው አዲሱን ይውሰዱ» ባሉበት ዕለት ከወልድያው ፎቶ አንሺ ከሞላ እጅ አንድ ረጅም ሌንስ ተረክበዋል። ሌንሷ የሞላ ብቻ አልነበረችም። የሞላ፣ የወልድያዋ የሶስና፣ የሐራው የዓሪፍና የእኔ የጋራ ነበረች። አራታችንም የእርስዎን ካሜራ የያዝነው እሷ በሁላችንም ላይ እንድትገጥም ብለን ነው፤ እርስዎ ታማኝነት ብለው የጻፉት ይህንኑ ነው። በዕለቱ እኔ ሀብሩ ገጠር ሠርግ ላይ ነበርኩ፤ ኔትወርክ አልነበረም። ሦስቱ ተስማምተው የየራሳቸውን ካሜራ በአዲሱ ሲለውጡ ሌንሷንም አብረው አስረክበዋል። የአራተኛውን ሰው ፈቃድ የሚጠይቅ ቦታ ስለሌለው የቅጽዎን አጭርነት አደንቃለሁ።

2. ባለሙያዎ በቅጹ ላይ «የተቧጨረ» ብሎ እንደመዘገበ ሞላ አሳይቶኛል። መዝገቡ ትክክል ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከቤታችን ስንወጣ ዓሪፍ ብርድ ልብሱን ትቶ እሷን በማሽላ ጆንያ ውስጥ ደብቆ ተሸክሟት ነበር፤ ጭረቱ የዚያን ጊዜ ነው። ለዚህም ከዋጋዋ ላይ በትክክል ስለቀነሱላት እናመሰግናለን።

3. ሌንሷ የምትዘዋወረው እንደ ጾሙ ነበር። በዐቢይ ጾም እኛ ሠርግ ስለሌለን ዓሪፍ ዘንድ ትከርማለች፤ በረመዳን ደግሞ ወደ እኛ ትመለሳለች። የሚያመላልሳት የሚኒባስ ሹፌሩ ጁነይድ ነበር፤ ጋቢና አጠገቡ አስቀምጦ «ሙሽራዋን እንዳትነኩ» እያለ ተሳፋሪ ይቆጣባት ነበር። ሰሞኑን በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሽ ብርሃኔ፣ ዘንድሮ ሙሽራዋ የለችም እንዴ?» ሲለኝ፣ ለአዲስ አበባ ሰው ተዳረች አልኩት። «አብሽሩ፣ ፈታ ትመጣለች» ብሎኝ ነዳ። የጁነይድን ተስፋ ለእርስዎ ማስተላለፍ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

4. ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ ግን ለማናችንም ሠርግ አይኖርም። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ እየገጠሙ በመምጣታቸው፣ በእነዚያ ሳምንታት አንድ ረቡዕ አራታችን እኔ ዘንድ እንሰበሰብ ነበር። ሌንሷን እንጠርጋለን፤ ዓመቱን ሙሉ ሰው ስናነሳ የራሳችን ፎቶ ስለማይኖረን ተራ በተራ እንነሳለን። የእኛ የጾም ሰዓት ቀደም ብሎ ቢያልፍም፣ መግሪብ ደርሶ ዓሪፍ እስኪያፈጥር ድረስ ማንም እጁን አይታጠብም ነበር።

ዘንድሮም ጾሞቹ ገጥመዋል። ባለፈው ረቡዕ አራቱን ወንበር አውጥቼ ተምር ገዝቼ ጠበቅሁ። ለሞላ ስደውልለት «ጋሼ፣ አንቱ ደግሞ፤ አሁን እኮ ሁላችንም የየራሳችን ሌንስ አለን» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለሦስቱም የየራሳቸውን ሰጥተዋል። ማንም ማንንም የማይፈልግበትን ዕቃ እስከ ሐራ ድረስ ስላደረሱልን ምስጋናችን ቃል አይገልጸውም። አዛን ሲሰማ አንዷን ተምር ቀመስኩና ሦስቱን ወንበሮች መልሼ አስገባሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከኢድ በፊት ሌንሷን በጁነይድ በኩል ይላኩልን። አሁን ከእኔ ካሜራ በቀር በማንም ላይ እንደማትገጥም አውቃለሁ። ነገር ግን መጣች ከተባለ ሦስቱም «እስኪ እንያት» ብለው መምጣታቸው አይቀርም።

ከእንግዲህ ታማኝነቱን ለየትኛው ማስታወቂያ ማዞር እንዳለበት መመሪያዎን በታላቅ ትሕትና የሚጠባበቅ፣ በምስክር ወረቀት የተረጋገጠ ደንበኛዎ፣

ብርሃኔ ልዑል
ፎቶ አንሺ፣ መርሳ

ግልባጭ፦
ለሞላ፣ ወልድያ
ለሶስና፣ ወልድያ
ለዓሪፍ፣ ሐራ

ማስታወሻ፦ ሌንሷ ተሸጣ ከሆነ በሚል የካሜራ መለወጫ ቅጹን ሞልቼ አያይዣለሁ። «የሚለውጡበት ምክንያት» በሚለው ሥር ያሉት ምርጫዎች ጥራት፣ ፍጥነትና ዘመናዊነት ብቻ ስለሆኑ፣ ከታች አንድ መስመር አስምሬ «የሚዋሰኝ ሰው ስላጣሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። እንዲሁም የዚህን የአዲሱን ካሜራ ታማኝነት ሊያስተምሩን ሲመጡ ቀኑን አስቀድመው ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል፤ ሦስቱ ስለሚገኙ ቀድሜ አዳራሹ ገብቼ አራት ወንበር ልያዝ።