ሳይረኑ ማክሰኞ ጮኸ

ውድ ኡርስ፣

የዓመቱ የአደጋ ጊዜ ሳይረን ሙከራ ነገ ረቡዕ ነው። ዛሬ ግን በምሳ ሰዓት ድንገት ጮኸ፤ ጦርነት የደረሰብን መስሎን ከአከራዬ ከወይዘሮ ፍሬኒ ጋር ወደ ምድር ቤቱ መጠለያ ሮጥን። ባዝል ያለው መጠለያችሁ በበረዶ መንሸራተቻ ስኪ እንደተሞላ ሁሉ እሳቸውም «ገለልተኛ አገር ማን ይነካል» ብለው እንደ ጎማ በከበቡ ደረቅ አይቦች ሞልተውታል። መራመድ ለሚከብዳቸው ባለቤታቸው ለኮቢ መቀመጫ እንኳ አልነበረም። አይቡን እያንከባለልን ስናወጣ ኮቢ ከደረጃው ላይ፣ «ቀስ በይ ሴትዮ! ከኔ እሱ ይወደዳል» አሉ።

የመንደሩ ጸሐፊ እያለከለከ መጣ። «ይቅርታ እማማ፣ ሳይረኑን ያስጮህኩት ቀን ተሳስቼ ነው!»

«አንተ ጅል! አንድ ቀን መታገስ አቃተህ?» አሉት ወይዘሮ ፍሬኒ።

ሁላችንም እስክናነባ ሳቅን። አይቡ ግን አልተመለሰም፤ በቦታው የኮቢ ወንበር ገብቷል።

የፖስታ ካርዱ ሞላ፤ ባለቤትህን ሬጉላንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው ማቲያስ