ያሳጠርኩት ሰላምታ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ተናኘወርቅ፣
ደብረ ብርሃን።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የታኅሣሥ ውርጭ እንዴት አድርጎሽ ይሆን? ባለቤትሽ ጋሽ አስናቀስ ወገቡን ተሻለው? ልጅሽ አይናለም ትምህርት ቤት ገባች? ጥጃዋስ አደገች? እማዬስ እንደምን አለችልኝ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ የጠየቅሁሽ ቸኩዬ አይደለም፤ ከመስከረም ወዲህ ደብዳቤሽ ስላልደረሰኝ ጥያቄው ተጠራቅሞብኝ ነው።

ሥራዬ ያው የፈንጣጣ ክትባት ነው። ሰኞ ሰኞ ብስክሌቴን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ከአሰላ ኢተያ እወርድና፣ ከዚያ ወደ ዲክሲስ በሚወስደው አዲስ የጠጠር መንገድ እገባለሁ። መንገዱ ተጠርጎ ጠጠር ከለበሰ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ነገር ግን ድልድዩ ገና ስላላለቀ መኪና አይገባበትም። እኔ ብስክሌቷን ተሸክሜ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥኩ ወንዙን እሻገራለሁ። ስለዚህ ያ ሁሉ መንገድ የአህያ፣ የፈረሰኛና የእኔ ብቻ ነው። የባለሥልጣን ልጅ ብሆን እንኳ ይህን ያህል መንገድ ለብቻዬ አይሰጠኝም ነበር!

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሚያባርር ጡሩምባ የለ፣ የሚያለብስ አቧራ የለ። ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው። የጭላሎ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ከኋላ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ከጎማው ሥር ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ከመስማት በቀር ድምፅ የሚባል የለም። ባዶ መንገድ ሰውን ለፍላፊ ያደርጋል፤ ከራሴ ጋር ማውራት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። አንዳንዴ አንቺን ሆኜ እቆጣና እኔን ሆኜ እመልሳለሁ፤ ሁልጊዜም የምትረቺው አንቺ ነሽ። ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ማሳው ሁሉ በአጫጆች ተሞልቷል። ግን እኔ ኦሮምኛ አልችልም። ከሩቅ እጄን አውለብልቤ «ነጋ! ነጋ!» እላለሁ፤ የእኛው የንጋቱ «ነጋ» እንዳይመስልሽ፣ ሰላም ማለት ነው። ጨዋታችን እዚያው ላይ ያበቃል። አሰላ ስመለስም ቤት አከራዬ ወይዘሮ አበራሽ በጊዜ ስለሚተኙ፣ በሬን ዘግቼ ራቴን ከግድግዳው ጋር እበላለሁ። ብቸኝነት እንዲህ ያለ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።

እማዬ በየደብዳቤሽ መጨረሻ «ያችን የብረት ፍየል ሽጠህ በቅሎ ግዛ፤ በቅሎ ገደል ታውቃለች» እያለች ታስጽፍሽ የነበረው ትዝ ይልሻል? ብስክሌቴን የብረት ፍየል ስትላት እኔ እስቅ ነበር። ባለፈው ወር ግን የእማዬ ትንቢት ደረሰብኝ።

ከወንዙ ወዲህ አንድ ረጅም ቁልቁለት አለ። ከግርጌው አዴ ሰኪና የሚባሉ አሮጊት ይኖራሉ፤ አዴ ማለት እንደ እኛ እማማ መሆኑ ነው። ልጃቸው ከዲሮ ሸንኮራ ሊቆርጥ ወንጂ ከሄደ ቆይቷል። ያን ቀን ቁልቁለቱን ስጀምር የብስክሌቴ ፍሬን እምቢ አለኝ፤ የፍሬኑ ጎማ ተበልቶ አልቆ ኖሯል። ጠጠር ደግሞ ቁልቁለት ላይ ምሕረት የለውም። አሮጊቷ ከአጥራቸው በር ላይ ቆመው ሰላምታ ሲጀምሩ፣ እኔ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ «ነጋ!» ብዬ ጮኼ እንደ ጥይት አለፍኳቸው። ሜዳው ላይ ብስክሌቷ በራሷ ጊዜ ስትቆም ስለ ነፍሴ አመስግኜ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ደጃቸው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ። ደነገጥኩና ብስክሌቴን አጥሩ ላይ አስደግፌ፣ ኮፍያዬን አወለቅሁ። እዚያው መንደር ሱቅ ያለው ረዲ አማርኛ ስለሚያውቅ ጠጋ ብዬ ማን ሞተ አልኩት። አፍጥጦ አየኝና፣ ያመጣኸው አንተ፣ የምትጠይቀውም አንተ አለኝ።

ለካ በዚህ አገር ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ እህል ሳይጠያየቁ መላቀቅ የለም። ሰላምታውን ቆርጦ የሚጋልብ ሰው መርዶ የያዘ ነው። ለብቻው አፍ አውጥቶ መናገር ስለማይሆንለት፣ ቤቱን አልፎ መጀመሪያ ሽማግሌ ሊጠራ ይሄዳል። አዴ ሰኪናም ወንጂ በሚያደርሰው በኢተያ በኩል ስመጣና ዓይናቸውን ሳላይ ሳልፍ ተመለከቱ፤ ከዲሮ ሞቷል ብለው እዬዬውን አቀለጡት። ረዲ ባያስረዳልኝ ኖሮ የምገባበት አልነበረኝም። የተበላውን ፍሬን እያሳየሁ ስምል ዋልኩ። ከዲሮም በሳምንቱ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከች አለና ለራሱ ለቅሶ ደራሽ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ የፈረዱብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ከብስክሌቴ ወርጄ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው እንድጨርስ። ቅጣት መስሎኝ ነበር፤ ለእኔ ግን መድኃኒት ሆነኝ። ረዲ ቃሉን አስጠናኝ። አዴ ሰኪና ከብትህ ደህና ነው ወይ ሲሉኝ፣ ብስክሌቷን እያሳየሁ ደህና ናት እላለሁ፤ እስኪደክማቸው ይስቃሉ። መጨረሻ ላይ «ሃቲ ኬ ፈያ?» ይሉኛል፤ እናትህ ደህና ናት ወይ ማለት ነው። «ፈያ» እላለሁ፣ ደህና ናት። እትዬ፣ በዚህ አገር ስለ እማዬ የሚጠይቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ አሰላ ገበያ ውስጥ የሰፈራችንን ሰው ገብረወልድን አየሁት፤ ስንዴ ሊገዛ መጥቶ ኖሯል። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩበት። ቤቴ እንሂድ ብለው እምቢ፣ ሻይ እንጠጣ ብለው እምቢ አለኝ። እማዬስ አልኩት። ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው አለና፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ዓይኔን አላየኝም። ገብረወልድን ታውቂዋለሽ፤ ጨዋታ ከጀመረ የተጣደ ወጥ የሚያሳርር ሰው ነው። የቸኮለለት መኪና ደግሞ ገበያው እስኪበተን እዚያው ቆሞ ሰው ሲጠራ ነበር።

ሰኞ እንደ ልማዴ አዴ ሰኪና ደጅ ወረድኩ። «ሃቲ ኬ ፈያ?» ሲሉኝ «ፈያ» አልኩና መሪውን ያዝኩ። ክንዴን ለቀም አደረጉኝ። ረዲ አጠገባችን ነበረና ተረጎመልኝ፤ አሳጠርክ፣ ማን ሞቶብህ ነው ይሉሃል አለኝ። እዚያው መንገድ ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሳለቅስም አልከለከሉኝም። እንባዬን ስጠርግ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ ልጃቸውን ሳይሞት ማልቀሳቸው አይቆጫቸውም፤ ሞቶ ሳለ ስንዴ እያጨዱ ደህና ነው ሲሉ ቢከርሙ ኖሮ ግን ራሳቸውን ይቅር አይሉም ነበር።

አባባ ያረፈ ጊዜ አርባው ካለፈ በኋላ ነው የነገራችሁኝ። ሰው አገር ብቻውን ነው፣ ማን ይይዘዋል ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩም። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገርም አውቃለሁ። እኔ ግን ደህና ናት እያልኩ መክረም አልችልም። ደግሞም የሚይዘኝ ሰው አለ፤ ክንዴን አንዴ ይዘውኛል። ስለዚህ ክፉውን ቃል እንድትጽፊልኝ አላስቸግርሽም። እማዬ ካለች፣ ስለ በቅሎው የምትለውን እንዳፏ ጽፈሽ ላኪልኝ። ከሌለች ስለ በቅሎው ምንም አትጻፊ፤ ይገባኛል። የጠጠሩን መንገድ ይዤ ሄጄ ለአዴ ሰኪና እውነቱን እመልስላቸዋለሁ።

ለጋሽ አስናቀ ጉልበት ስሜ ሰላም ብያለሁ፤ ወገቡን ውርጭ እንዳያገኘው ይጠንቀቅ። አይናለምን ግንባሯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን አያ ካሣዬን በጤና ያሰንብትልኝ። ገብረወልድንም ካገኘሽው፣ ወንድሜ ጥሩሰው አልተቀየመህም በይልኝ፤ ምን ያድርግ፣ እሱም ፍሬን አጥቶ ነው።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝና እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፦ የብረት ፍየሏን የሚገዛ ሰው ተገኝቷል፤ በቅሎዋ ዳማ ትሁን ወይስ ነጭ?

ወንድምሽ ጥሩሰው

አሰላ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.