ከበሩ ትይዩ የተሰቀለ መስታወት

ጥቅምት 21 ቀን 1971
በመጨረሻ ቀበሌው ቁልፉን ሰጠኝ። ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ አንዲት ክፍል። ዓመት ሙሉ ታሽጋ ነበር አሉ። ማን ነበረባት? አልጠየቅኩም... ይሄ መጠየቂያ ጊዜ ነው እንዴ? የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ትጠባለች፣ ትጨልማለች። ግድግዳውን ኖራ እቀባዋለሁ። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ጥግ ላይ። ፀጉር ማጠቢያው በአቡጀዲ መጋረጃ ይከለላል። የተናኘ ፀጉር ቤት! ብቻዬን ሳቅኩ።

ጥቅምት 24
መስታወት መግዛት የማይታሰብ ነው። መስታወት ያለበትን የቁም ሳጥኔን በር ነቅዬ ለአናጺው ለሸምሱ ሰጠሁት።
"ከበሩ ትይዩ ስቀልልኝ፣ ብርሃን ይመልሳል።"
"እህቴ፣ ጎን ላይ ይሻላል..."
"ለምን?"
መዶሻውን አነሳ። ሰቀለውና ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ። ግን ቤቱ ሰፋ! ደስ አለኝ።

ጥቅምት 25
መስታወቱ ፊት ተቀምጬ ወንበሩን ስሞክር አንዲት ልጅ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆማ በመስታወቱ አየኋት። ቀይ ሹራብ። "ገና አልተከፈተም፣ እህት" ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

ጥቅምት 27
ዛሬም። በጠራራ ፀሐይ።

ጥቅምት 28
ጎረቤቴን እትዬ ወርቄን ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ በራቸውን ዘጉ።
"የገዲሴ ቤት ነበር። ልጇን እዚያ በር ላይ ነው የገደሏት። እንዳታለቅሺ ተባለች። እንደ ሐዘንተኛ ፀጉርሽን እንዳትላጪ ተባለች።"
"ቀይ ሹራብ ለብሳ ነበር?"
የመስኮቱንም መጋረጃ ሳቡ። ፈራሁ። ልተወው? ያለኝ ሁሉ እኮ እዚያ ቤት ገብቶ አልቋል...

ኅዳር 1
ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ እማማ ገዲሴ። ነጠላቸውን አወረዱ። ረጅም፣ በደንብ የተበጠረ ፀጉር።
"ላጪኝ።"
"እማማ፣ ቤቱን ያሽጉብኛል።"
"ቅማል ነው በያቸው።"
የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ ማዶ ቆሟል። ምላጩን አነሳሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ መስታወቱን ትኩር ብለው አዩ። እኔም አየሁ።
"በሩን ዝጊው።"
"ለምን?"
"ብርድ አትችልም።"
ዘጋሁት። ልጅቷ ውስጥ ቀረች ወይስ ውጭ? ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። እሳቸው ሳያለቅሱ እኔ አለቀስኩ።

ኅዳር 2
አብዮት ጠባቂው መጣ። "አሮጊቷን ምን ነካት?" "ቅማል" አልኩት። ራሱን እያከከ ሄደ።

ኅዳር 4
ሰፈሩ ውስጥ ቅማል ገብቷል። አግዳሚው በሴቶች ሞልቷል። ሁሉም ሲቀመጡ መስታወቱ ውስጥ የሚያዩት ራሳቸውን አይደለም፣ በሩን ነው። ካስኩን እስካሁን አልሰካሁትም።
የእትዬ ወርቄ ተራ ደረሰ። ሻሻቸውን ፈቱ።
"እርስዎም እትዬ? ለማን?"
ከመስታወቱ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።
"ቅማል ነው አልኩሽ፣ ላጪ።"