ያልፈተሽኩት ባትሪ

መስከረም 21
ቀዝቃዛ ቀን። ሁለት ባትሪ ሸጥኩ፣ ሦስት ቻርጅ አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገብረ መድኅን ሱቅ መጡ። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ፣ እዚሁ መካኒሳ አቦ ጎረቤቴ። መኪናቸው ጠዋት ጠዋት ለመነሣት እያስቸገረች ነው። ባትሪው ሦስት ዓመት ሞልቶታል።

ግን የጥንት መርከብ ሥዕል ይዘው ነበር... በመቅዘፊያ የሚሄድ። መቶ ሰባ ሰው፣ በሦስት ደርብ ተቀምጦ ይቀዝፋል። ውሃ ላይ ሲቆይ እንጨቱ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ወደ ዳር ጎትተው ያደርቁት ነበር አሉኝ። እንዲህ ከተያዘ ሃያ ዓመት ይቆያል። አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ቮልቱን ብቻ ለካሁ፣ ደህና ነው። ሞተር ሲያስነሣ ያለውን ጉልበት ሳልፈትሽ መሸ። ስንት ጊዜ ይቆየኛል ሲሉኝ፣ "እስከ ፋሲካ አያስቡ" አልኩ።

መስከረም 28
ጋሼ አልመጡም። ደህና ነው ማለት ነው። ዩቲዩብ ላይ ቀዛፊዎቹን ሳይ ዋልኩ።

ጥቅምት 6
የጋሼ ባለቤት እትዬ ፀሐይወርቅ አረፉ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረቴን አሉ። መኪናዋ ቀጭ ቀጭ ብላ ዝም። ጋሼ አስፋልት ድረስ ሮጠው ታክሲ ይዘው እስኪመለሱ... ሆስፒታል በር ላይ ሕይወታቸው አለፈ። እስከ ፋሲካ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 7
ቀብር። ከለቀስተኛው ኋላ ቆምኩ። ጋሼ አዩኝ። "መጣህ ልጄ" አሉ።

ጥቅምት 19
ለባለቤቴ ለሀኒፋ ነገርኳት። መኪናዋ ብትነሣም ላይደርሱ ይችሉ ነበር አለች። ይሆናል... ማን ያውቃል? እንቅልፍ የለኝም።

ኅዳር 2
ቤታቸው ሄድኩ።
"ጋሼ፣ ያን ቀን ባትሪውን በደንብ አልፈተሽኩትም። የመርከቡን ወሬ እየሰማሁ ነበር።"
"እኔም እያወራሁ ነበር" አሉ።
ከዚያ በእጃቸው በሩን አሳዩኝ። ወጣሁ።

ኅዳር 15
የእትዬ ፀሐይወርቅ አርባ። ጠዋት ስልክ ተደወለ፣ ጋሼ። አቦ ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ አሉ። በኔ መኪና ሄድን። ቀጥነዋል፣ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ሲወርዱ ክንዴን ያዙ።
"ገና ይቅር አላልኩህም፣ ሬድዋን።"
"አውቃለሁ ጋሼ።"
"ግን ጠብቀኝ። ብቻዬን መመለስ አልችልም።"
ጠበቅኋቸው።